አንደበትና እምቢታ፦ ጥቁር አሜሪካውያን ለእኩል መብት ያካሄዱት ሰላማዊ ትግል

በአሜሪካ የአላባማ ግዛት ርዕሰ ከተማ በሆነችው ሞንትጎመሪ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 1 ቀን 1955 አመሻሹ ላይ፣ በልብስ ስፌት ሙያ የሚተዳደሩት ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ ከሥራ ወደ ቤታቸው ለመመለስ በከተማው አውቶቡስ ተሳፈሩ። አውቶቡሱ ሲሞላ ሹፌሩ ለአንድ ነጭ ተሳፋሪ ሲባል እርሳቸውና በዚያው ረድፍ የተቀመጡ ሌሎች ሦስት ጥቁር ተሳፋሪዎች ቦታ እንዲለቁ አዘዘ። ሦስቱ ሲነሱ ወይዘሮ ፓርክስ ግን አልነሳም አሉ። ፖሊስ ተጠርቶ አሰራቸው፤ ከአራት ቀናት በኋላም ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ናቸው በማለት 10 ዶላር መቀጮና 4 ዶላር የፍርድ ቤት ወጪ እንዲከፍሉ ወሰነባቸው።

ከዚህ የ14 ዶላር ቅጣት በኋላ የተቀጣጠለው ንቅናቄ አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የአገሪቱን ሕግ ለውጧል። ንቅናቄውን ለውጤት ያበቁት ሁለት መሣሪያዎች አሳማኝ ንግግርና ሕዝባዊ እምቢተኝነት ናቸው። የትግሉ ታሪክ እንደሚያሳየው እምቢታ ያልደገፈው ንግግር ሰሚ ያጣል፤ ንግግር ያልቀደመው እምቢታ ደግሞ እንደ ተራ ሁከት ይቆጠራል።

ሕግ ያጸናው መለያየት

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ1896 በሰጠው ውሳኔ፣ አገልግሎቱ እኩል እስከሆነ ድረስ ጥቁሮችንና ነጮችን ለያይቶ ማስተናገድ ሕገ መንግሥቱን አይጻረርም ብሎ ነበር። በዚህም መሠረት በደቡብ ግዛቶች ትምህርት ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ፣ አውቶቡሱና የመጠጥ ውኃ ቧንቧው ሳይቀር በዘር ተከፋፍሎ ቆይቷል። ይኸው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ በ1954 በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚደረገው መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ቢወስንም፣ በርካታ የደቡብ ባለሥልጣናት ውሳኔውን ሳይፈጽሙ ዓመታት አሳልፈዋል። በመሆኑም የጥቁሮቹ ችግር የፍትሐዊ ሕግ አለመኖር ብቻ ሳይሆን፣ የተጻፈውም ሕግ በአስፈጻሚው እጅ መክሸፉ ነበር።

የእምቢታው ሥርዓት

ሕዝባዊ እምቢተኝነት ማለት ዜጎች ኢፍትሐዊ ነው ለሚሉት ሕግ ወይም ትእዛዝ በግልጽ፣ ያለ ኃይል እርምጃና የሚያስከትለውን ቅጣት ለመቀበል ተዘጋጅተው አለመታዘዝ ነው። ወንጀለኛ ድርጊቱን ይደብቃል፣ ከቅጣትም ይሸሻል፤ እምቢተኛው ግን በአደባባይ ፈጽሞት ምክንያቱን ያስረዳል። ማህተማ ጋንዲ እ.ኤ.አ በ1930 የእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ያወጣውን የጨው ሕግ በመቃወም ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ በእግር ተጉዘው ከባሕሩ ጠረፍ ጨው ማንሳታቸው የዚህ ትግል ታዋቂ ምሳሌ ሲሆን፣ የጥቁር አሜሪካውያን መሪዎችም ከእርሳቸው ትምህርት ወስደዋል።

ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ እ.ኤ.አ በኤፕሪል 1963 ከበርሚንግሃም እስር ቤት በጻፉት ደብዳቤ ትግሉ አራት ደረጃዎች እንዳሉት አስረድተዋል። እነርሱም በደል መኖሩን በመረጃ ማረጋገጥ፣ መደራደር፣ ታጋዩ ራሱን ማዘጋጀትና በመጨረሻም ቀጥተኛ እርምጃ መውሰድ ናቸው። ደብዳቤው ሰልፉ ጊዜውን ያልጠበቀ ነው፣ ጉዳዩም ለፍርድ ቤት ይተው ላሉ ስምንት የአላባማ የሃይማኖት አባቶች የተሰጠ መልስ ነበር። በኢትዮጵያ ተበዳይ “በሕግ አምላክ” ሲል ከፊቱ ካለው ጉልበተኛ በላይ የቆመ ሕግ መኖሩን እንደሚያስታውስ ሁሉ፣ ዶክተር ኪንግም ከከተማውና ከግዛቱ ደንብ በላይ ሕገ መንግሥቱንና የሕሊናን ሕግ ጠቅሰው ተሟግተዋል።

381 ቀናት በእግር

በሞንትጎመሪ ወይዘሮ ፓርክስ በታሰሩበት ሌሊት የኮሌጅ መምህርት የነበሩት ጆ አን ሮቢንሰን የአውቶቡስ አድማ ጥሪ የያዙ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወረቀቶችን አባዝተው አደሩ። ዲሴምበር 5 ቀን የከተማው አውቶቡሶች ያለ ጥቁር ተሳፋሪ ዋሉ ለማለት ይቻላል። በዚያው ምሽት የ26 ዓመቱ ፓስተር ዶክተር ኪንግ በሆልት ስትሪት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ለተሰበሰበው ሕዝብ ባደረጉት ንግግር ጥያቄውን በአገሪቱ ሕገ መንግሥትና በክርስትና እምነት ላይ አቆሙት። አድማጩም የሚታገለው በአገሩ ላይ ሳይሆን ለአገሩ መርሕ መከበር መሆኑን ተገነዘበ።

የአድማው የመጀመሪያ ጥያቄዎች እጅግ መጠነኛ እንደነበሩ ልብ ሊባል ይገባል። ሕዝቡ የጠየቀው በአክብሮት እንዲስተናገድ፣ ቀድሞ የተሳፈረ ቀድሞ እንዲቀመጥና ጥቁሮች በሚበዙባቸው መስመሮች ጥቁር ሹፌሮች እንዲቀጠሩ ነበር። የከተማው አስተዳደር ይህንንም አልቀበልም አለ። እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 1956 የዶክተር ኪንግ ቤት በቦምብ ሲመታ መሣሪያ ይዞ የተሰበሰበውን ቁጡ ሕዝብ ወደ ቤቱ የመለሰው የራሳቸው የማረጋጊያ ንግግር ነው። ከዚህ በኋላ አራት ጥቁር ሴቶች መለያየቱ ራሱ እንዲሻር በፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረቱ። ከእነርሱም አንዷ ከወይዘሮ ፓርክስ ዘጠኝ ወራት ቀድማ በተመሳሳይ ምክንያት የታሰረችው ክሎዴት ኮልቪን ስትሆን፣ በታሰረችበት ጊዜ ዕድሜዋ 15 ዓመት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ በኖቬምበር 1956 ለከሳሾቹ የተሰጠውን ፍርድ ካጸና በኋላ፣ 381 ቀናት በእግሩና በጋራ መኪና የተጓዘው ሕዝብ ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ። መጠነኛውን ጥያቄ የገፋው አስተዳደር መላውን ሥርዓት አጣ።

ከአደባባይ ወደ ሕግ

እ.ኤ.አ በሜይ 1963 በበርሚንግሃም ሰልፍ በወጡ ተማሪዎችና ሕፃናት ላይ ውሾች ሲለቀቁና ከፍተኛ ግፊት ያለው ውኃ ሲረጭ የሚያሳዩ ምስሎች በዓለም ተሰራጩ። ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በጁን 11 ለሕዝቡ በቴሌቪዥን ባደረጉት ንግግር ጉዳዩ የሞራል ጥያቄ መሆኑን ገልጸው አዲስ ሕግ እንደሚያቀርቡ አስታወቁ። ኦገስት 28 ቀን ደግሞ 250 ሺህ ገደማ ሕዝብ በዋሽንግተን ተሰልፎ የዶክተር ኪንግን ታዋቂ ንግግር አዳመጠ። በሕዝብ መገልገያ ቦታዎችና በሥራ ቅጥር የዘር አድልዎን የሚከለክለው የሲቪል መብቶች ሕግ ጁላይ 2 ቀን 1964 በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ተፈረመ።

የሴልማ የመዝገብ ቢሮ

የመምረጥ መብት ግን ገና አልተረጋገጠም ነበር። በዘር ምክንያት ማንም የመምረጥ መብቱን እንዳያጣ የሚደነግገው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከ1870 ጀምሮ በሥራ ላይ ቢሆንም፣ በአላባማዋ ሴልማ ከተማ የመራጮች መዝጋቢ ቢሮ በወር ሁለት ቀን ብቻ ይከፈት ነበር። ጥቁር አመልካች ለሰዓታት ተሰልፎ ተራው ሲደርስ የማንበብና የሕግ ዕውቀት ፈተና ይቀርብለታል፤ ማለፉንና መውደቁን የሚወስነውም መዝጋቢው ነው። መብቱ በሕገ መንግሥት ተጽፎ ሳለ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀር ነበር።

እ.ኤ.አ ማርች 7 ቀን 1965 ከሴልማ ወደ ሞንትጎመሪ የተነሱ ሰላማዊ ሰልፈኞች በኤድመንድ ፔተስ ድልድይ ላይ በፖሊስ ተደበደቡ። ከስምንት ቀናት በኋላ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የመምረጥ መብት ሕግ እንዲወጣ በምክር ቤቱ ፊት ጠየቁ፤ ኦገስት 6 ቀንም ሕጉ ተፈረመ። ሕጉ የማንበብ ፈተናውን አድልዎ በሰፈነባቸው አካባቢዎች አግዶ የፌዴራል መዝጋቢዎች እንዲላኩ ፈቀደ። በሚሲሲፒ ግዛት ከ1965 በፊት 7 በመቶ ገደማ የነበረው የተመዘገቡ ጥቁር መራጮች ድርሻ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 60 በመቶ ገደማ ከፍ ብሏል። የለወጠው የአመልካቾቹ ዕውቀት ሳይሆን የመዝጋቢው አሠራር ነው።

የተገኘው ድል ጥበቃ እንደሚያሻው የኋላው ታሪክ ያመለክታል። ዶክተር ኪንግ ኤፕሪል 4 ቀን 1968 በሜምፊስ ከተማ ተገድለዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ በ2013 የትኞቹ አካባቢዎች የምርጫ ደንባቸውን ከመለወጣቸው በፊት የፌዴራል መንግሥት ይሁንታ ማግኘት እንዳለባቸው የሚወስነውን የ1965ቱን ሕግ አንቀጽ ሽሮታል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከታላላቅ ተናጋሪዎች ጎን ለጎን አንድ ሹፌር፣ አንድ መዝጋቢና አንድ የፖሊስ አዛዥ ይገኛሉ። የዜጋው እኩልነት የሚፈተነው በእነርሱ ዕለታዊ ውሳኔ ነበር። በሞንትጎመሪ በትሕትና የቀረበው አቤቱታ በጊዜው ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ሕዝቡ ከዓመት በላይ በእግሩ መጓዝ ባላስፈለገው ነበር። የመንግሥት ሠራተኛና የሥራ ኃላፊ ባለጉዳይ የሚያቀርበውን ቃል በጥሞና ሊያዳምጥ የሚገባውም፣ እምቢታ የሚጀምረው አቤቱታ ሰሚ ካጣበት ቦታ በመሆኑ ነው።