ዳባት ላይ የበራችው ቢጫ መብራት

ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ዳገቱ ግን ለመኪና ቀላል አይደለም። ጎንደር 2,100 ሜትር ላይ ተቀምጣለች፣ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ። አንድ የኮሮላ ሾፌር አምባ ጊዮርጊስን አልፎ ዳባት ሊገባ ሲል ክሩስኮቱ ላይ ቢጫዋ ቼክ ኢንጂን ቦግ አለች። ሙቀት አልጨመረም፣ ዘይት አልጎደለም፣ የሞተሩም ድምፅ ያው ነው። ዳገት ላይ ብቻ ጉልበቷ ቀነስ ብሏል። ዳባት ሻይ የሚጠጡ ሾፌሮች ወዲያው ፈረዱ፦ «አየሩ ነው። ስሜን እኮ ሰውንም ያስለከልካል!»

ፍርዱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። ደባርቅ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን እንኳ አይሞላም። በካርቡራቶር ዘመን ይህ የታወቀ በሽታ ነበር። ካርቡራቶር ደጋና ቆላ አይለይም፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው መጠን ስለማይቀንስ ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል። የድሮ ሾፌሮች ተራራውን ሲከሱ ያዩትን ነው የሚናገሩት።

ደባርቅ ያገኘው መካኒክ ገና ወጣት ነው። ኮፋኖውን ሳይከፍት ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት መመርመሪያውን ሰካ። ፒ 0171 የሚል ኮድ ወጣ፤ አየር በዝቷል፣ ቤንዚን አንሷል ማለት ነው።

«ይኸው፣ አየሩ ነው አላልኩህም?» አለ ሾፌሩ።

«አይደለም ጋሼ። ተራራው ቢሆንማ የሚበዛው ቤንዚኑ ነበር። ይቺ የምትለው ግልባጩን ነው።»

ደግሞም ኮሮላዋ ካርቡራቶር የላትም። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር አላት፤ አየሩ ሲሳሳ ኮምፒውተሯ ቤንዚኑን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ተራራው በዚህ ነጻ ወጣ።

ይህችን መብራት ሾፌር ሁሉ የሞተር ዘበኛ አድርጎ ያያታል። የተቀጠረችው ግን ጭሱን እንድትጠብቅ ነው። ሎስ አንጀለስን ዓይን የሚያቃጥል ጭጋግ ሲያስጨንቃት፣ የአናናስን ጣዕም ሲያጠና የነበረው ትውልደ ሆላንዳዊ ኬሚስት አሪ ሃገን ስሚት ነገሩን መመርመር ያዘ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጭጋጉ ከመኪናና ከነዳጅ የሚወጣው ጋዝ በፀሐይ ብርሃን ተለውጦ የሚፈጠር መሆኑን አሳየ። ካሊፎርኒያ ሕግ በሕግ ላይ እየደረበች ሄዳ፣ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ራሳቸውን እንዲመረምሩ አዘዘች። ከ1996 ወዲህ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የቤት መኪና ሁሉ አንድ ዓይነት ሶኬትና አንድ ዓይነት ኮድ እንዲኖረው ተደረገ። መብራቷ እንድትበራ የታዘዘችው፣ በጥቅሉ፣ ብልሽቱ ጭሱን ከተፈቀደው አንድ ተኩል እጥፍ ሊያሳልፈው ሲችል ነው። ለዚህ ነው መኪናዋ ደህና እየሄደች መብራቷ የምትበራው። ብልጭ ድርግም ካለች ግን ሌላ ነው፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ጭስ ማውጫው ውስጥ ገብቶ ጭሱን የሚያጸዳውን ካታሊስት እያጋየ ስለሆነ ጋዙን ቀንሶ ዳር መያዝ ይሻላል።

ዋናው ምስክር እንግዲህ ጭስ ማውጫው ላይ የተሰካው የኦክስጅን ሴንሰር ነው። ከቃጠሎው የተረፈ ኦክስጅን ሲበዛ ለኮምፒውተሩ ይናገራል፣ ኮምፒውተሩም ቤንዚን ይጨምራል። ጭማሪው በመቶኛ ይመዘገባል። ከልክ ሲያልፍም መብራቷ ወዲያው አትበራም፤ ኮምፒውተሩ ጥፋቱን ይዞ ዝም ይላል፣ በሚቀጥለው ጉዞ ከደገመው ነው የሚያጋልጠው። መካኒኩ ይህን ስለሚያውቅ ጥያቄው ስለ ዳባት አልነበረም።

«ትናንት የት ነበሩ?»

«ከመተማ ነው የመጣሁ።»

ከመተማ ጎንደር ከቆላ ወደ ደጋ ረጅም ዳገት ነው። ጥፋቱ መጀመሪያ የታየው እዚያ መሆን አለበት።

አሁን ዋነኞቹ ተጠርጣሪዎች ሁለት ናቸው፦ ከአየር መለኪያው በኋላ በተቀደደ የጎማ ቱቦ ሾልኮ የሚገባ አየር፣ ወይም የሚያንስ ቤንዚን። ሁለቱን መለየት ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። መኪናዋ ቆማ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ነው አየር በኃይል የሚስበው፤ ቀዳዳ ካለ ጭማሪው እዚያው ያሻቅባል። መካኒኩ መኪናዋን አስነስቶ ቁጥሩን አየ፦ 4 በመቶ። ጋዝ ሲሰጣትም ብዙ አልተለወጠም። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ጥፋቱን ባየበት ቅጽበት የቀዳውን መዝገብ ከፈተ፦ ፍጥነት 42፣ የሞተር ሙቀት 89፣ ጭነት ከ80 በመቶ በላይ፣ የቤንዚን ጭማሪ 31 በመቶ። ቆማ ጤነኛ፣ ዳገት ላይ በሽተኛ። ሞተሩ ብዙ ቤንዚን ሲጠይቅ የሚሰጠው አጥቷል።

«ቤንዚኑን ከየት ነው የቀዱ?»

ሾፌሩ ትንሽ ዘገየ። «ማደያው ደርቆ… በጀሪካን ነዋ።»

የኋላው ወንበር ተነሳ። ክብ ክዳኑ ተፈትቶ ፓምፓው ከታንከሩ ሲወጣ ሥሩ ላይ ያለችው ነጭ ወንፊት የቡና አተላ መስላለች። መካኒኩ በጥፍሩ ፋቅ ሲያደርጋት ደቃቅ አፈርና ዝገት ተነሳ፤ ከመሐሉም ቀይ ክር ተመዘዘ። ጀሪካን አፍ ላይ ከሚወተፈው ጨርቅ የመጣ ክር ነው። ለካ ዳባት ላይ ተራራው የተከሰሰው በጨርቅ ክር ፈንታ ነበር!

ታንከሩ ታጠበ፤ አዲሷ ወንፊት በማግስቱ ከጎንደር በሚኒባስ መጣች። ሙከራው ግን ከተማ ውስጥ ዞር ዞር በማለት አይሆንም፤ ጥፋቱ ዳገት ላይ ብቻ የሚታይ ስለሆነ ዳገት ይፈልጋል። ለዚህ ሊማሊሞን የመሰለ የት ይገኛል? ጣሊያን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ገደሉን ሸንሽኖ ባወጣው መንገድ ጥቂት ጥምዝ ወርደው ተመለሱ። ሽቅብ ሲወጡ ሾፌሩ ጋዙን ረግጦ ይነዳል፣ መካኒኩ ቁጥሩን ያያል፦ 5፣ 7፣ 6።

መብራቷ ግን አልጠፋችም።

«ባትሪውን ንቀልና አጥፋልኛ» አለ ሾፌሩ። ቦሎ ሲደርስ ስንት መኪና በዚህ ዘዴ ንጹሕ መስሎ እንደሚቀርብ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል። ባትሪው ሲነቀል ግን ኮዱም፣ ያ የ31 በመቶ መዝገብም አብረው ሊጠፉ ይችላሉ፤ ቀጣዩ መካኒክ ከዜሮ ይጀምራል።

«አልነካትም ጋሼ። ሦስት ጉዞ ያለ ጥፋት ከሄዱ ራሷ ትጠፋለች።»

«ባትጠፋስ?»

«ያን ጊዜ ፓምፓው ነው። ገንዘብ ይዘው ይምጡ።»