በአል አመራት ፀሐይ ምሳ ማብሰል

የፀሐይ ምድጃ የፀሐይን ብርሃን ወደ ሙቀት እየለወጠ ያለ ጋዝና ያለ ኤሌክትሪክ ምግብ የሚያበስል ዕቃ ነው። ከኦማን ዋና ከተማ ከሙስካት መሀል ጀርባ፣ በሀጀር ተራሮች የተከበበችው አል አመራት ለዚህ የተመቸች ናት። ዝናብ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ይዘንባል፤ የብዙ ቤቶች ጣሪያም ጠፍጣፋ ስለሆነ ምድጃውን የሚያስቀምጡበት ቦታ አይጠፋም። ቤት ውስጥ በጋዝ ሲበሰል ምድጃው ወጥ ቤቱን ያሞቃል፤ በበጋ የአየሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ወጡን ደጅ ማብሰል ለቤቱ እፎይታ ነው።

በብዛት የሚሠራበት ዓይነት የሣጥን ምድጃ ነው። ግድግዳው ድርብ ሲሆን በመሀሉ ጭድ፣ ሱፍ ወይም የተጨማደደ ጋዜጣ ይሞላል። ክዳኑ መስታወት ነው፤ ከክዳኑ በላይ በፎይል የተለበጠ አንጸባራቂ ቆሞ ተጨማሪ ብርሃን ወደ ውስጥ ይመልሳል። ብርሃኑ በመስታወቱ አልፎ ጥቁር ድስት ላይ ሲያርፍ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ መስታወቱ ብርሃኑን ቢያስገባም ሙቀቱን በቀላሉ መልሶ አያስወጣም። በዚህ መንገድ የሣጥኑ ውስጥ ከ120 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ምግብ መብሰል የሚጀምረው ግን ከ80 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የስዊስ ሊቅ ኦራስ-ቤኔዲክት ደ ሶሱር እ.ኤ.አ. በ1767 በመስታወት ሣጥን ውስጥ ፍራፍሬ አብስሏል። በሃንጋሪ የተወለደችው ሳይንቲስት ማሪያ ቴልኬስ በ1950ዎቹ ባለአንጸባራቂ የቤት ምድጃ ነደፈች፤ በ1970ዎቹ ደግሞ ባርባራ ከርና ሼሪ ኮል በአሜሪካ አሪዞና ከካርቶን የሚሠራ ርካሽ ምድጃ አስፋፉ።

የሚያበስለው የአየሩ ሙቀት ሳይሆን ብርሃኑ ነው። ስለዚህ አቧራ ያዘለ የሐምሌ ቀን ትኩሳቱ ቢበረታም፣ ጥርት ያለ የጥር ቀን ሊበልጠው ይችላል። አል አመራት ከምድር ወገብ በስተሰሜን 23 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ በሰኔ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆማለች፤ ያኔ ምድጃው በጀርባው ተኝቶ ሰማዩን ያያል። በታኅሣሥ ግን ከፍታዋ 43 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ስለሆነ ምድጃው ወደ ደቡብ ዘንበል ማለት አለበት። ተራሮቹ በጠዋትና በማታ ጥላ ስለሚጥሉ አመቺው ጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው።

ለዚህ ምድጃ የሚስማሙት ቀስ ብለው የሚበስሉ ምግቦች ናቸው። ምስር፣ አትክልት፣ ሩዝ፣ የዶሮና የበግ ሥጋ፣ ድፎ ዳቦም ይሆናሉ። የታጠበ ምስር ከሽንኩርት፣ ከበርበሬና ከዘይት ጋር ጠዋት ቢጣድ ለምሳ ይደርሳል። ድስቱ ተከድኖ ስለሚቆይ ትነቱ ጥቂት ነው፤ ውሃው ከወትሮው ይቀነሳል። ወጡ ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ስለማያልፍ አያርርም፣ ማማሰልም አያሻውም። ሽንኩርቱ ተቁላልቶ እንዲጠቁር ለሚፈልግ ግን ቁሌቱ አስቀድሞ በጋዝ ላይ መሠራት አለበት። ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ከሚፈላባት አዲስ አበባ ይልቅ፣ በዝቅተኛዋ አል አመራት ጥራጥሬ ቶሎ ይለሰልሳል። ኦማናውያንም ለዒድ ሥጋ በቅመም ለውሰው መሬት በተቆፈረ ምድጃ አንድ ሁለት ቀን የሚያቆዩበት ሹዋ አላቸውና፣ ዝግ ያለ አበሳሰል ለአካባቢው እንግዳ አይደለም።

እንጀራ ሌላ ነገር ነው። ምጣድ ከ180 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ ተራ የሣጥን ምድጃ አይጋግረውም። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በትልቅ ጎድጓዳ አንጸባራቂ የተሰበሰበን ሙቀት በእንፋሎት ወደ ምጣድ በማድረስ መጋገር እንደሚቻል አሳይተዋል፤ መሣሪያው ግን ለአንድ ቤት ጣሪያ የሚበቃ ትንሽ ዕቃ አይደለም።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር የተጠራቀመው ሙቀት ይወጣል፤ ድስቱ የሚነካው በጨርቅ ነው፤ አንጸባራቂውን የሚያስተካክል ሰው የፀሐይ መነጽር ያድርግ። ደመና መጥቶ ምግቡ ለብ ብሎ ከቀረ ባክቴሪያ ይራባበታልና ሳይዘገይ በጋዝ መጨረስ አለበት። ስለዚህ የፀሐይ ምድጃ የጋዝ ሲሊንደሩን አያስወጣም፤ የቀኑን ከባድ ሥራ ተቀብሎ ጋዙን ለምሽት፣ ለደመናማ ቀንና ለቁሌት ያቆያል።