ስለ ከብት መኖ የሚሰጠው ከፍተኛ ትምህርትና የብቸና የሞጣ በሬ

በግንቦትና በሰኔ ወር በምሥራቅ ጎጃም በየጥኖራ፣ በብቸናና በሞጣ አገር የሚዘዋወር ሹም ሁሉ ሳያየው የማያልፍ አንድ ነገር አለ። የዓመቱ ከባድ ሥራ በሚጀመርበት በዚያ ወራት በሬው የጎድን አጥንቱ ተቈጥሮ፣ ሽንጡ ጎድጕዶ ይገኛል። ገበሬው ለጤፍ የሚሆነውን ጥቁር መሬት አምስትና ስድስት ጊዜ ማረስ ይገባዋል፤ በሬው ግን በጋውን የከረመው በጭድ ነው። ስለዚህ እርሻው ይዘገያል፤ ወይም ጥማዱ ቀትር ሳይሆን ይፈታል። ይህ ነገር የገበሬው ስንፍና እየተባለ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ነገሩ ግን ስንፍና ሳይሆን የመኖ ጉድለት ነው፤ የመኖ ጉድለትም በዩኒቨርሲቲ የሚጠና፣ ሚዛንና ቍጥር ያለው ትምህርት ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎታል።

በክፉ ቀን ዘመን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ፣ የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት ፈጅቶ ሕዝቡ የሚያርስበት በሬ አጥቶ እንደ ነበረ ሁሉም ከአባቶቹ ሰምቷል። ያ በሽታ በክትባት ኀይል ከዓለም ሁሉ መጥፋቱ በ2003 ዓ.ም. ተነግሯል፤ ከእንስሳት በሽታዎች መካከል እንዲህ ከምድር ገጽ የጠፋ የመጀመሪያው እርሱ ነው። በሬውን በአንድ ወር የሚገድለው ጠላት ጠፋ፤ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት የሚያደክመው ግን ቀርቷል። ይህን ሁለተኛውን ጠላት የሚዋጋው መርፌ የያዘ ሰው ብቻ ሳይሆን መኖ መዝኖ፣ ቀምሮና ደልድሎ የሚያበላ ሰው ጭምር ነው።

ትምህርቱ ከወዴት እንደ መጣ በአጭሩ ማስታወስ ይገባል። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1860ዎቹ ሄነበርግና ሽቶማን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ቬንዴ በተባለው የምርመራ ጣቢያ መኖን ማድረቅ፣ መመዘን፣ ማቃጠልና በየክፍሉ መለየት የሚቻልበትን ሥርዐት አወጡ። በ1883 ደግሞ ኬልዳል የተባለ የዴንማርክ ሊቅ በመኖ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን የሚለካበትን ዘዴ አገኘ፤ ከዚህም ፕሮቲኑን በስሌት ማወቅ ተቻለ። ኬልዳል ይሠራ የነበረው በኮፐንሃገን በካርልስበርግ የቢራ ፋብሪካ የምርመራ ቤት ስለ ነበረ የደከመው ለገብሱ እንጂ ለበሬው አልነበረም። ይሁን እንጂ ዛሬ የጎጃም ጭድ የሚመዘነው በዚሁ ሰው ዘዴ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ትምህርቱ በኮሌጅ ደረጃ የገባው በዐለማያ በኩል ነው። ከዚያ በፊት በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ነበረ። በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካ መንግሥት ጋራ በተደረገው ውል መሠረት የኦክላሆማ የእርሻ ኮሌጅ መምህራን መጥተው በመጀመሪያ በጅማ አስተማሩ፤ ኋላም ኮሌጁ በሐረርጌ በዐለማያ ተሠርቶ ጥር 8 ቀን 1950 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመረቀ። በ1977 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ዛሬ ሐረማያ ይባላል። የዚያ ኮሌጅ መሠረተ ሐሳብ ሦስት ሥራ አንድ ላይ እንዲሄድ ነበር፤ ይኸውም ማስተማር፣ መመርመርና የተመረመረውን ወደ ገበሬው ማድረስ ነው። ነገር ግን በ1950ዎቹ ዓመታት መካከል ወደ ገበሬው ማድረሱ ለእርሻ ሚኒስቴር ተሰጠ፤ ምርመራውም ለብቻው መሥሪያ ቤት ቆመለት። ለአስተዳደር ይመች ይሆናል። ሆኖም መምህሩ ከገበሬው ማሳ የራቀው ከዚያ ወዲህ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። አሁን ለጎጃም ልጆች ትምህርቱ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎች በቅርብ ይገኛል፤ የአንዳሳ የከብት ምርመራ ጣቢያም ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሟል።

ተማሪው ኬሚስትሪውንና የሕይወትን ትምህርት ከጨረሰ በኋላ በመጀመሪያ የሚማረው የበሬውን ሆድ ነው። ኦሪት የሚያመሰኳውን ከማያመሰኳው ለይታለች፤ ትምህርቱም የሚጀምረው ከዚሁ ልዩነት ነው። የሚያመሰኳ እንስሳ ጭዱን የሚፈጨው በራሱ ኀይል ብቻ አይደለም። በትልቁ ጨጓራው ውስጥ በዐይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ሕያዋን አሉ፤ ጭዱን የሚያፈርሱት እነርሱ ናቸው። እንግዲህ በሬ የሚቀልብ ሰው አስቀድሞ የሚቀልበው እነዚህን ሕያዋን ነው። እነርሱም ሥራቸውን በደኅና ለመሥራት ከመኖው መቶ እጅ ሰባት እጅ ያህል ፕሮቲን ይፈልጋሉ። የጤፍ ጭድ ግን ከመቶ አራት እጅ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ክምሩ በጓሮ ቆሞ ሳለ በሬው ይከሳል፤ ሆዱ ሞልቶ ይራባል ማለት ይህ ነው።

ስሌቱ ለማንም የሚከብድ አይደለም። 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን 6 ኪሎ ጭድ ቢበላ የሚያገኘው ፕሮቲን 240 ግራም ነው። የኑግ ፋጉሎ ከመቶ ሠላሳ እጅ ያህል ፕሮቲን ስላለው፣ በዚያው ጭድ ላይ 1 ኪሎ ፋጉሎ ቢጨመር 300 ግራም ተጨምሮ 540 ግራም ይሆናል። 540 ግራም በ7 ኪሎ መኖ ውስጥ ሲታሰብ ከመቶ ሰባት እጅ ከግማሽ አለፈ ማለት ነው። ያው ጭድ፣ ያው በሬ ነው፤ የጨጓራው ሠራተኞች ግን ደመወዛቸውን አገኙ። ጎጃም ኑግ አብቃይ አገር ሆኖ ሳለ በሬው ፋጉሎ ሳይቀምስ መክረሙ የሚያስገርም ነው።

ፋጉሎ መግዛት ለማይችለው ሌላ መንገድ አለ። 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ይበጠበጥና በ100 ኪሎ ጭድ ላይ እየተረጨ በጕድጓድ ይረገጣል፤ አየር እንዳይገባ በላስቲክ ተሸፍኖ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ሲከፈት ለመብላት የለዘበ፣ ፕሮቲኑም የጨመረ ጭድ ይወጣል። ከጕድጓዱ የወጣውን ወዲያው መስጠት ግን አይገባም፤ ሽታው እስኪወጣ አንድ ቀን ያህል ይናፈሳል፤ በሬውም ጥቂት በጥቂት እንዲለምደው ይደረጋል። ለጥጃ፣ ለፈረስ፣ ለበቅሎና ለአህያ አይሰጥም። ዩሪያ ያለ ልክ ከሆነ ወይም ሳይቀላቀል ከተበላ ይገድላልና ማሰሮውም ከብት ከሚደርስበት ቦታ ይራቅ።

በዚህ ላይ የአገሩ ጠባይ ይታሰባል። ትሪሉሰርን የተባለው ዛፍ ቅጠሉ ለከብት እጅግ መልካም ነው፤ ነገር ግን ውሃ የሚቋጥር ጥቁር መሬት አይስማማውም። ስለዚህ በጮቄ ተራራ ሥር ላለው ደጋ ይሻላል። በብቸና ሜዳ ውሃ የሚችለው ሰስባንያ ይመረጣል። ለሁለቱም አገር አንድ ችግኝ በትእዛዝ ማደል ገንዘብ ማጥፋት ነው፤ የተማረ ሰው የሚያስፈልገው ይህን ለመለየት ነው።

የጥኖራ በደርግ ዘመን በገበሬዎች አምራች ኅብረት ሥራ ማኅበርዋ ስሟ በአገሩ ሁሉ ይጠራ ነበር። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ከወጣ በኋላ ማኅበሩ ፈረሰ፤ ቀንበሩም ወደየቤቱ ተመለሰ። እንግዲህ ምክሩ የሚሰጠው ለአንድ ሊቀ መንበር ሳይሆን ለእያንዳንዱ ጎጆ ነው፤ ይህም ሰው ይፈልጋል።

በዚህ ቦታ ለገዥዎችና ለወረዳ ሹማምንት በግልጽ ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። ሦስት አራት ዓመት የከብትን ሆድ ሲያጠና የከረመ ወጣት ወደ ወረዳ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው የማዳበሪያ ዕዳ መሰብሰብ፣ ለስብሰባ ሰው መጥራትና ቅጽ መሙላት ነው። ገበሬውም በደጁ ዕዳ ሊጠይቅ የመጣውን ሰው ስለ ጥጃው አያማክረውም፤ እውነቱን ነው። ወጣቱ ራሱም ጥፋት የለበትም አይባልም፤ በሬ ሳይዝ፣ ላም ሳያልብ በመጽሐፍ ብቻ ተምሮ የመጣ ብዙ ነውና የመጀመሪያውን ዓመት ከገበሬው ዘንድ ተማሪ ሆኖ ቢያሳልፍ ለሁለቱም ይጠቅማል። ሹሙ ግን ቢያንስ ከጥር እስከ ሰኔ ድረስ ይህን ሰው ከሌላ ሥራ ነጻ ሊያደርገው፣ አንድ ሚዛንና አንድ የመለኪያ ገመድ ሊሰጠው ይችላል። የበሬው ደረት በገመድ ተለክቶ ክብደቱ ይገመታል፤ በጥርና በሰኔ የተለካው ጎን ለጎን ሲጻፍ የወረዳው በሬ ምን ያህል እንደ ከሳ ያለ ክርክር ይታወቃል።

መሬት በይዞታቸው ያለ ሰዎችም ድርሻ አላቸው። የወል ግጦሹ እየታረሰ ካለቀ ወዲህ ድርቆሽ የሚታጨድበት ቦታ ጠቧል፤ የቀረውም ሣር የሚታጨደው ብዙ ጊዜ ከደረቀና ከጠነከረ በኋላ ነው። ሣር ሲያብብ፣ በጥቅምት መጀመሪያ፣ ቢታጨድ መጠኑ ጥቂት ቢያንስ እንኳ ኀይሉ ይበልጣል። ኑግ የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ዘይት ጨማቂውም ፋጉሎ የሚያከማቸው ከዚያ ወዲህ ስለሆነ መግዛት የፈለገ እስከ ግንቦት አይጠብቅ። የጭዱ ጕድጓድ ደግሞ አውድማው እንደ ተነሣ፣ ጭዱ ለጭቃ ቤትና ለነጋዴ መኪና ሳይሸጥ፣ በጥር ወር ውስጥ ይቈፈር።