4 የምትባለው አጥር

የላቦራቶሪው ወረቀት ላይ «ፒኤስኤ 5.8» ተብሎ ተጽፏል፤ ከጎኑ ኮከብ አለ። ስልሳ ያለፋቸው አባት ወረቀቱን ለልጃቸው ዘርግተው «ካንሰር ነው ይላል?» ቢሉ ትክክለኛው መልስ «አይልም» ነው።

ፒኤስኤ ጤነኛው ፕሮስቴትም የሚያመነጨው፣ የረጋ የዘር ፈሳሽን የሚያቀጥን ኢንዛይም ነው። ዕጢው በዕድሜ ሲያድግ፣ ሲቆጣ ወይም ካንሰር ሲይዘው ወደ ደም የሚያልፈው መጠን ይጨምራል። በተቃራኒው ለፕሮስቴት ማደግ የሚታዘዘው ፊናስቴራይድ ከወራት በኋላ ቁጥሩን በግማሽ ገደማ ያወርደዋል፤ መድኃኒቱን መውሰዱን ለሐኪሙ ያልነገረ ሰው በከንቱ ይረጋጋል።

ምርመራው አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1986 የተፈቀደው በሽታቸው የታወቀ ሕሙማንን ለመከታተል ነበር። በሽታውን ለመፈለግ የተፈቀደው በ1994 ነው፤ በሚሊ ሊትር 4 ናኖግራም የምትለዋም ወሰን እንደ አጥር ተተከለች። አጥሯ ግን ቀዳዳ ናት። በ2004 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ፒኤስኤያቸው ከ4 ካልበለጠ 2,950 ወንዶች የዕጢ ናሙና ወስዶ በ15 በመቶዎቹ ላይ ካንሰር አገኘ። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ናሙና ከሚወሰድላቸውም ካንሰር የሚገኝባቸው ሩብ ያህሉ ናቸው።

ከተገኘውም ብዙው ሰውየውን ሳይጎዳ አብሮት የሚያረጅ ነው። እሱን ማከም ሽንት አለመቆጣጠርንና ስንፈተ ወሲብን ሊያስከትል ይችላል። የፕሮስቴትን አንቲጅን በ1970 የገለጹት ሪቻርድ አብሊን ራሳቸው በ2010 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ የጅምላ ምርመራውን ክፉኛ ተችተዋል። እኔ ግን አበዙት እላለሁ፤ የአውሮፓው ትልቅ ጥናት ከ23 ዓመት ክትትል በኋላ በበሽታው መሞት በ13 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

ከአዳዲሶቹ አመልካቾች አንዳንዶቹ እንግዲህ «ካንሰር አለ?» ከማለት ይልቅ «የሚገድለው ነው?» ለማለት የተሠሩ ናቸው። ፒኤችአይና ፎርኬስኮር የፒኤስኤን ልዩ ልዩ ቅርጾች ከደም ይለካሉ። ፒሲኤ3 ከሽንት የሚለካ አርኤንኤ ነው፤ ሐኪሙ ዕጢውን በጣቱ ተጭኖ ሲያበቃ የሚመጣው የመጀመሪያው ሽንት ይሰበሰባል። የስዊድኑ ስቶክሆልም3 ፕሮቲኖችን፣ የዘረመል ልዩነቶችንና የቤተሰብ ታሪክን በአንድ ስሌት ያጣምራል። ቢአርሲኤ2 የተባለው ዘረመል የተበላሸበት ወንድ ደግሞ ኃይለኛ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከፍ ስለሚል ክትትሉ ቀደም ብሎ ይጀምራል። ዛሬ ኤምአርአይም ከናሙናው በፊት ገብቷል፤ መርፌው የት እንደሚገባ ያሳያል።

የብዙዎቹ መለኪያ የተቃኘው ግን በአውሮፓ ዝርያ ወንዶች ነው። ለምሳሌ በ2005 የተገኘው የቲኤምፒአርኤስኤስ2 እና የኢአርጂ ዘረመሎች መጣበቅ በነጮች ካንሰር ግማሽ ገደማ ውስጥ ይታያል፤ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ያንሳል። እነዚህ ጥናቶች «ጥቁር» የሚሉትም በአመዛኙ የምዕራብ አፍሪካ የዘር ግንድ ያለውን ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ጎንደሬም ቅጹ ላይ ያችኑ «ጥቁር» የምትለውን ሳጥን ይሞላል።