በካርቱም መምህሩ ከተማሪው አስቀድሞ ሊማረው የሚገባ ትምህርት

በካርቱም ከተማ በሚገኝ በማናቸውም የመማሪያ ክፍል አንድ መምህር በሰሌዳው ላይ 5 እና 3 ጽፎ፣ «ይህን በዚህ ላይ ስንደምር ይህ ይሆናል» ቢል፣ ለሚያየው ልጅ ይበቃዋል፤ ዓይነ ስውር ለሆነው ልጅ ግን ምንም እንዳልተነገረ ይቈጠራል። ያው መምህር «5ን በ3 ላይ ስንደምር 8 ይሆናል» ብሎ ቢናገር ሁለቱም በአንድነት ይማራሉ። እንዲሁም ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ሲናገር፣ የከንፈሩን እንቅስቃሴ እየተመለከተ ቃሉን የሚከተለው መስማት የተሳነው ልጅ ትምህርቱ ይቋረጥበታል። ይህን ለማረም ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መምህሩ አስቀድሞ መሠልጠኑ ነው።

በጥንቱ ሥርዓት በሱዳን ኸልዋ ቁርዓንን፣ በኢትዮጵያም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ጸሎቱንና ዜማውን በቃሉ የሚያጠና ዓይነ ስውር እንግዳ አልነበረም፤ ትምህርቱ በአብዛኛው በጆሮ የሚገባ ነበርና። ትምህርት በሰሌዳና በመጽሐፍ ላይ በተመሠረተ ጊዜ ግን ይህ ልጅ ወደ ኋላ ቀረ። ስለዚህ ጉድለቱን በልጁ ላይ ብቻ ሳይሆን በማስተማሪያው ዘዴም ላይ መፈለግ ይገባል።

ሱዳን በመምህራን ማሠልጠን ረገድ የቈየ ታሪክ አላት። እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1934 ዓ.ም.፣ ከካርቱም በስተደቡብ በነጭ ዓባይ ዳር በምትገኘው በአድ ዱወይም፣ ባኽት አር ሩዳ የተባለው ማሠልጠኛ ለመንደር ትምህርት ቤቶች መምህራንን ለማዘጋጀት ተመሠረተ፤ በ1997ም ወደ ዩኒቨርሲቲ ከፍ ብሏል። እንዲህ ባሉት ማሠልጠኛዎች አካል ጉዳተኞችን የማስተማር ጥበብ ለጥቂት ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ሳይሆን፣ ለእያንዳንዱ ዕጩ መምህር የሚሰጥ ሊሆን ይገባዋል።

ለምሳሌ የብሬይልን ጽሕፈት እንመልከት። በስድስት ነጥቦች የተመሠረተው ይህ ጽሕፈት በዓረብኛ ቋንቋም ቢሆን የሚነበበው ከግራ ወደ ቀኝ ነው፤ የተለመደው የዓረብኛ ጽሕፈት ግን ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። ይህን የማያውቅ መምህር የተማሪውን ደብተር ሊያርም ቀርቶ፣ የቱን ገጽ በየት በኩል እንደሚይዘው እንኳ ይቸገራል።

በ2006 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ24ኛው አንቀጽ፣ መንግሥታት የምልክት ቋንቋና ብሬይል የሚያውቁ መምህራንን እንዲቀጥሩ፣ የትምህርት ሠራተኞችንም እንዲያሠለጥኑ ያዝዛል። ሱዳን በ2009፣ ኢትዮጵያም በ2010 ተቀብለውታል።

በሚያዝያ 2023 በካርቱም የተነሣው ጦርነት የከተማይቱን ትምህርት ቤቶች አዘግቷል። ጦርነት ባለበት ሁሉ እግሩን፣ ዓይኑን ወይም ጆሮውን የሚያጣ ሕፃን አይታጣም። የፈረሰው ግድግዳ በሚታደስበት ጊዜ የመምህሩ ሥልጠና ከተዘነጋ፣ ይህ ልጅ በአዲሱ ክፍል ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ሳለ ከትምህርቱ ውጭ ሆኖ ይቀራል።