አዋሽን ተከትሎ፦ በባቡር ሄዶ፣ በአውሮፕላን መመለስ

ትምህርት ቤት ሲዘጋ በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች የሚነሳው ጥያቄ ያው ነው፤ «ልጆቹን የት እንውሰዳቸው?» ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ፣ ላንጋኖ ይጠሩና ነገሩ እዚያው ያልቃል። በዚህ ወር የምናቀርብልዎ ጉዞ ከነዚህ ለየት ይላል። ከአዲስ አበባ በባቡር ተነስተው አዋሽ ላይ መኪና ይይዛሉ፣ ሰመራና ዱብቲ አድረው በአውሮፕላን ይመለሳሉ። አራት ሌሊት ካለዎት ይበቃል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይያዝልን፤ ይህ ጉዞ የክረምት ጉዞ አይደለም።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ረጅሙ የትምህርት ቤት ዕረፍት የሚውለው በክረምት ነው። ዱብቲ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር እንኳ የማትሞላ ቆላ ናት። የአዲስ አበባ ልጆች ጃኬት ደርበው በሚውሉበት በሰኔና በሐምሌ እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ጎልማሳ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ይችለዋል፤ ለሕፃንና ደም ግፊት ላለባቸው አያት ግን የጤና አደጋ ነው። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ይምረጡ። የገና ሰሞን ወይም የግማሽ ዓመቱ ዕረፍት ይመቻል። ቀኑን ሲቆርጡ ረመዳን መቼ እንደሚውልም ይመልከቱ፤ አካባቢው ሙስሊም በመሆኑ በጾሙ ወር ቀን ላይ ክፍት ምግብ ቤት ማግኘት ያስቸግራል።

ቀጥሎ ዕቅዱን ከመጨረሻው ይጀምሩ። ባቡሩ ሰመራ አይደርስም። መስመሩ አዋሽን ካለፈ በኋላ ወደ ድሬዳዋና ጂቡቲ ይታጠፋል፤ ከአዋሽ ወደ ሰሜን የተዘረጋው ሌላው ሐዲድም አቅጣጫው ወደ ኮምቦልቻና ወልዲያ ነው። ከአዋሽ ሰመራ ያለው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ በመኪና መሄድ አለበት። ሲመለሱም በመኪና ልምጣ ካሉ ወደ 590 ኪሎ ሜትር ይጠብቅዎታል፤ ከልጆች ጋር ደግሞ ይህ የዕረፍቱን ደስታ ሁሉ ይበላል። በአውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እናም መጀመሪያ ከሰመራው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ የሚመልስዎትን ትኬት ይቁረጡ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠሩ ሌላውን ያደላድሉ። ትኬቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንም አይርሱ፤ 8:00 የሚለው በእኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው።

በአንድ ከተማ ገብቶ በሌላ መውጣት አዲስ ነገር አይደለም። ለንግድ ወደ ደቡብ ቻይና የሚመላለሱ የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ያውቁታል፤ ጓንዡ በአውሮፕላን ገብቶ በፈጣን ባቡር ጉዊሊን ድረስ ሄዶ ከዚያው በአውሮፕላን መውጣት ይቻላል። ልዩነቱ እዚያ ባቡሩን ተማምኖ በዚያው ቀን በረራ መያዝ መቻሉ ነው። እዚህ ግን በባቡሩና በበረራው መካከል ቢያንስ ሁለት ሌሊት ይተዉ።

ወደ ባቡሩ እንምጣ። በቻይና ኩባንያዎች ተሠርቶ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የሚነሳው ከከተማው ዳርቻ፣ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። የመነሻ ቀኑንና አዋሽ ላይ መቆም አለመቆሙን ቀደም ብለው ይጠይቁ። የማይቆም ከሆነ ሾፌሩ አዳማ ጣቢያ ጠብቆ ይቀበልዎ፤ ልጆቹ እንደሆኑ ባቡር መሳፈራቸውን እንጂ ኪሎ ሜትሩን አይቆጥሩም። መታወቂያ ይያዙ፣ ምሳም ከቤት ቋጥረው ይሂዱ።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ አንድ ሌሊት ይደሩ። የድሮው የፈረንሳዮች ባቡር ዘመን ትዝታ የሆነው ቡፌ እዚያው አሮጌው ጣቢያ አጠገብ አለ፤ አያቶች የሚያወሩበት፣ ልጆች የሚሰሙበት ቦታ ነው። በማግስቱ ማለዳ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይግቡ። ሳላዎቹ የሚታዩት ፀሐይ ሳትበረታ ነው፤ ፏፏቴው ግን የትም አይሄድም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ለወራት የዘለቀው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ነዋሪዎችን ከቤታቸው ማፈናቀሉ ይታወሳል፤ ከመነሳትዎ በፊት የፓርኩን ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ፍርሃት ሳይሆን ብልህነት ነው።

ከአዋሽ ወዲያ ያለው መንገድ የጂቡቲ ወደብ ጭነት መንገድ ነው። ከባድ መኪናው ብዙ ነው፣ ግመልና ፍየልም ያቋርጣል። በሌሊት አይጓዙ። በመኪናው ላይም አይቆጥቡ፤ ኤሲው የሚሠራ፣ ትርፍ ጎማ ያለው፣ ሾፌሩም መንገዱን የሚያውቅ ይሁን። ለአንድ ሰው በቀን ከሦስት ሊትር ያላነሰ ውኃ ይጫኑ። ገዋኔን አልፈው ሚሌ ሲቃረቡ ለልጆቹ የሚነገር ትልቅ ወሬ አለ፤ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ የተገኘችበት ሐዳር ከዚህ ሩቅ አይደለም። ቦታው ከዋናው መንገድ የራቀ፣ ለሕፃን የማይመች ደረቅ ሸለቆ ስለሆነ መግባቱን አንመክርም። ይልቅ ከጉዞው በፊት አንድ ቅዳሜ ብሔራዊ ሙዚየም ወስደው ስለ ድንቅነሽ ያስረዷቸው፤ ሚሌ ላይ ሲደርሱ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ የየት አገር ልጅ እንደሆነች ራሳቸው ይነግርዎታል።

ሰመራ አዲስ ከተማ ናት፤ የክልል ርዕሰ ከተማነቱን የተረከበችው ከአሳይታ ነው። ማረፊያ እዚያ ይያዙና ቀኑን ዱብቲ ይዋሉ። ከረጅሙ ደረቅ መንገድ በኋላ ዱብቲ ሲገቡ የሚታየው አረንጓዴ ያስደንቃል። ይህ የተንዳሆ እርሻ ነው፤ በንጉሡ ዘመን የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ጥጥ ያመርትበት ነበር፣ በኋላ የሸንኮራ አገዳና የስኳር ፋብሪካ መጣ። ውኃው ያው አዋሽ ነው፤ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ በቆቃ ግድብ አልፎ፣ እናንተ በባቡርና በመኪና የመጣችሁበትን ሸለቆ ተከትሎ የመጣ። የግመል ወተት ይቅመሱ፤ ለልጆች ከሆነ ይፈላ። ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ አያንሱ። አፋሮች መንገደኛን ሲያገኙ ዳጉ ይጠይቃሉ፤ ከየት እንደመጣ፣ በመንገድ ምን እንዳየ ይሰማሉ። ቸኩለው አይለፉ፤ መንገዱ ሰላም ስለመሆኑ ከዚህ የተሻለ ምንጭ አያገኙም።

ከሰመራ ብዙም ሳይርቁ አላሎበዳ ላይ ከመሬት የሚፈላ ውኃ አለ። ማየት ያስደስታል፤ ነገር ግን ውኃው በእርግጥ የሚፈላ ነውና ሕፃን እጁን ሳይያዝ አይጠጋ። ወባ ያለበት አገር መሆኑን በማሰብ አጎበርና የትንኝ መከላከያ ቅባት ይያዙ፤ ከመሄድዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። ዱብቲ ሆስፒታል እንዳለ ማወቁም ለወላጅ ልብ ያሳርፋል። ቀን ከተረፈዎት ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው አሳይታ የአውሳ ሱልጣኖች መቀመጫ ነበረች።

አውሮፕላኑ ላይ ለልጆቹ የመስኮት ወንበር ይጠይቁ። ከሰመራ ሲነሳ የዱብቲ እርሻ በቡናማው ሜዳ ላይ እንደ አረንጓዴ መቀነት ይታያል። ወንዙ የት ባሕር ይገባ ይሆን ብለው ከጠየቁዎት፣ የትም ባሕር አይገባም፤ ጂቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያልቃል።