«ንቃት» እና «ግንዛቤ»፤ ከከባድ የአንጎል ጉዳት በኋላ በሚደረግ የመድኃኒት ፍተሻ ስለሚያስፈልጉ ስያሜዎች

«ታማሚው ነቅቷልን?» የሚለው የአማርኛ ጥያቄ ሁለት ነገሮችን በአንድነት ይጠይቃል። «ነቃ» የሚለው ግስ ከእንቅልፍ መነሣትንም ልብ ማለትንም ያመለክታልና። በጤነኛ ሰው ዘንድ ሁለቱ አብረው ስለሚሄዱ ችግር የለም፤ አንጎሉ ክፉኛ በተጎዳ ሰው ላይ ግን ይለያያሉ። ስለዚህ «ንቃት» የዐይንን መገለጥ፣ «ግንዛቤ» ደግሞ ራስንና አካባቢን ማወቅን እንዲያመለክቱ ለይቶ መጠቀም ይገባል። «ንቃተ ኅሊና» የተባለው ሐረግ የፖለቲካ ብስለት ተብሎም ስለሚተረጐም ለሕክምና ጥንቃቄ ያሻዋል።

በዚህ መሠረት ሦስቱ ሁኔታዎች እንደሚከተለው ይፈታሉ።

1. ኮማ፦ ንቃትም ግንዛቤም የሌለበት ሁኔታ። «ሰመመን» በማደንዘዣ ለሚመጣውም ስለሚነገር የውጭው ቃል እንዳለ ቢቀመጥ ይመረጣል።

2. ግንዛቤ የማይታይበት ንቃት፦ ዐይን እየተገለጠ ሆን ተብሎ የሚሰጥ ምላሽ የማይታይበት ሁኔታ።

3. ውስን ግንዛቤ፦ ትእዛዝን እንደ መፈጸም ወይም ነገርን በዐይን እንደ መከተል ያለ ምልክት አልፎ አልፎ የሚታይበት ሁኔታ።

ሁለተኛውን ሁኔታ ጄኔትና ፕለም የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1972 የሰየሙት፣ ያለ ፈቃድ የሚከናወኑትን የሰውነት ተግባራት በሚያመለክት ቃል ነበር። ሆኖም ቃሉ በእንግሊዝኛ ከአትክልት ስም ጋር ስለሚዛመድ የቤተ ሰብን ልብ ያቈስላል፤ ከዚህም የተነሣ በ2010 ሌላ ስያሜ ቀርቦለታል። «ዕፀዋዊ ሁኔታ» ብሎ መተርጐም ያንኑ ጉድለት ወደ አማርኛ ማስገባት ይሆናል።

«የሌለበት» ሳይሆን «የማይታይበት» መባሉም በምክንያት ነው። በ2009 በወጣ ጥናት፣ በሐኪሞች ስምምነት በዚህ ክፍል ከተመደቡት 44 ታማሚዎች 18ቱ በተደራጀ መመዘኛ ሲፈተሹ ውስን ግንዛቤ ተገኝቶባቸዋል።

ይህ ልዩነት ለመድኃኒት ፍተሻ መሠረት ነው፤ መነሻው በትክክል ካልተሰየመ መሻሻሉ ሊለካ አይችልምና። ለምሳሌ መጀመሪያ ለኢንፍሉዌንዛ፣ ኋላም ለፓርኪንሰን በሽታ ያገለገለው አማንታዲን በ184 ታማሚዎች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ በ2012 ታትሟል። ታማሚዎቹ ከተጎዱ ከ4 እስከ 16 ሳምንት የሆናቸው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሁኔታ የሚገኙ ነበሩ። መድኃኒቱ በተሰጠባቸው 4 ሳምንታት ወሳጆቹ ከሌሎቹ ፈጥነው ተሻሻሉ፤ ከተቋረጠ በኋላ በነበሩት 2 ሳምንታት ግን ፍጥነታቸው ቀንሶ የሁለቱ ወገኖች ልዩነት ጠበበ።

ያልወሰዱትም መሻሻላቸው ልብ ሊባል ይገባል። አንጎል በራሱ ጊዜም ሊያገግም ስለሚችል ያለ ማነጻጸሪያ መድኃኒትን ማመስገን ስሕተት ነው። ስለዚህ ታማሚዎች በዕጣ ይመደባሉ፤ ለከፊሎቹ መልኩ መድኃኒት የሚመስል፣ ፈዋሽ ንጥረ ነገር የሌለው ነገር ይሰጣል። ይህን «አስመሳይ መድኃኒት» ማለት የማታለል ስሜት ስላለው «አምሳለ መድኃኒት» ቢባል ይሻላል።

ከታማሚው አልጋ አጠገብ የቆመ ዘመድ «ይነቃ ይሆን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሐኪሙ «ነቅቷል፤ ግንዛቤው ግን ገና አልታየንም» ብሎ መመለስ ከቻለ ስያሜው ተግባሩን ፈጽሟል።